ተማሪውን ፍለጋ የሚወጣ የሙያ አገልግሎት ምንድን ነው?

የዩኒቨርሲቲ የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል ተማሪዎች ዝንባሌያቸውን እንዲለዩ፣ ሲቪ እንዲያዘጋጁ፣ ለቃለ መጠይቅ እንዲለማመዱና ከቀጣሪዎች ጋር እንዲገናኙ የሚያግዝ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ተማሪ ወደ ማዕከሉ ብቅ የሚለው፣ ያውም ካለ፣ ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ተማሪውን ፍለጋ የሚወጣ አገልግሎት ስንል ባለሙያው ቢሮ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ተማሪው ወደሚውልበት ክፍል፣ ላውንጅ፣ ዶርምና የቴሌግራም ቡድን የሚሄድበትን አሠራር ማለታችን ነው።

ተማሪው የማይመጣው በስንፍና ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበለውም። አንዱ ማዕከሉ መኖሩን አያውቅም፤ ሌላው በሲቪው ላይ የሚያሰፍረው ነገር የሌለው ስለሚመስለው ያፍራል። በዚያ ላይ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ በመሆኑ የመጨረሻው ዓመት በጥናት ይያዛል። ስለዚህ ስለ ሥራ መነጋገር የሚገባው ቀደም ብሎ፣ ቢቻል ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮምቦልቻ ላይ ስለሚገኝ አንድ ዘዴ ለሁለቱም አይበቃም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተማሪው ቅርብ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተመረቀ የጥገና መሐንዲስ ምሽት ላይ ግቢው ድረስ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን የሥራ ወራት እንዴት እንዳለፈ፣ ማሽን ሲቆም ምን እንደሚደረግ፣ አለቆቹ ከአዲስ ተቀጣሪ ምን እንደሚጠብቁ ቢያወጋ፣ ከአዳራሽ ሙሉ ንግግር ይልቅ ለተማሪው ይጠቅመዋል፤ ለኢንተርንሺፕም መንገድ ይከፍታል።

ደሴ ላይ ያለው የታሪክ ወይም የሶሺዮሎጂ ተማሪ ግን ነገ የሚሠራበትን ቦታ በዓይኑ ስለማያይ የበለጠ ጥረት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የወሎ ቡና ራሱ መላ ነው፦ በየትምህርት ክፍሉ ቡና ተፈልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንድ ባለሙያ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ሲቪያቸውን ከራሳቸው ጋር ሊያርም፣ በክበብ፣ በበጎ ፈቃድ ወይም በቤተሰብ ሱቅ የሠሩትን ሥራ እንደ ልምድ እንዲጽፉት ሊያሳያቸው ይችላል። «ምንም ልምድ የለኝም» የሚለው ሐፍረት የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በቴሌግራም በኩል የሥራ ማስታወቂያ ሞልቷል፤ የማዕከሉ ድርሻ የትኛው ማስታወቂያ ለየትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚሆን፣ እንዴት ማመልከት እንደሚቻልና ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቀው ለምን እንደሚያጠራጥር በአጭር የድምፅ መልእክት ማስረዳት ነው።