«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ»፦ ተረቱና የምርጫው ነገር

ይህን ተረት የማያውቅ የለም። የመጣው ከማዕድ ነው። ድፎ ዳቦ ተባርኮ ሲቆረስ ቢላዋው በአንድ ሰው እጅ ነው። የቀረነው ዙሪያውን ተቀምጠን ዐይናችንን እንተክላለን። የቆራሹ እጅ ወዴት እንደሚያደላ የምናየው ያኔ ነው።

አንዳንዴ ለቀልድ ይባላል። እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ጥብስ ቀርቦ አንዱ ቀደም ብሎ ወፍራሙን በዳጣ ሲያጠቅስ ራሱ ይተርትና ሁሉም ይስቃል። ሲመር ግን ስድብ ነው። ደንብ አውጥቶ በደንቡ የሚጠቀም ሰው ላይ ይወረወራል።

መድኃኒቱንም ያው ተረቱን የፈጠረው ሕዝብ አበጅቶለታል፤ ቅርጫ። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይቀመጣል። ከዚያ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የክብሪት እንጨት ይሰጥና የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው መደቦቹ ላይ ይጥላቸዋል። መዳቢው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አስተካክሎ ከመመደብ በቀር ምርጫ የለውም።

ተረቱን በመራሩ ትርጉም ጥሩ ሆኖ የሰማሁት ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲወራ ነው። አንድ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጡትን አዛውንት ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን ድምፅ በልጣ እንዴት ተሸነፈች?»

«እዚያ ሕዝቡ የሚመርጠው መራጮችን ነዋ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አይቀይሩትም?»

«ማን ይቀይረው ልጄ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!»

ጋሼ ልክ ናቸው። መራጮቹ 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ግዛት የሚደርሰው በተወካዮች ምክር ቤት ባለው ወንበር ልክ ሆኖ፣ በሴናተሮቹ ምክንያት ሁለት ይጨመርለታል። ዋዮሚንግ 600 ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ 3 መራጭ አላት። ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ 54። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የዋዮሚንጉ ሰው ድርሻ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

አቆራረሱ ከመነሻውም ንጹሕ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ባሪያ አሳዳሪዎቹ የደቡብ ግዛቶች አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠርላቸው አስደረጉ። ባሪያው ድምፅ አይሰጥም፤ የጌታውን ግዛት መራጮች ግን ያበዛል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች አራቱ ከቨርጂኒያ መሆናቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ለመቀየር ደግሞ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያም ከ50 ግዛቶች የ38ቱ ይሁንታ ያስፈልጋል። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ቀጥታ ምርጫ ይሁን ብሎ በ338 ለ70 አጽድቆ ነበር። ሴኔት ሲደርስ የደቡብና የትናንሽ ግዛቶች ሴናተሮች በንግግር አንዛዝተው በ1970 ገደሉት። ምን ያድርጉ? የቅርጫው ሰው መደቡን አያውቅም፤ እነሱ ግን የሚደርሳቸውን አሳምረው ያውቃሉ።

ሕገ መንግሥቱን ሳይነኩ ዙሪያ ጥምጥም የሄዱም አሉ። መራጮቻችንን በመላ አገሪቱ ብዙ ድምፅ ላገኘው እንሰጣለን ብለው የተስማሙ ግዛቶች ናቸው፤ ውሉ የሚጸናው ድምራቸው 270 ሲሞላ ነው። እስከ 2024 ድረስ 17 ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ገብተው 209 ደርሰዋል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን ፈራሚዎቹ ዴሞክራቶች የሚያይሉባቸው ግዛቶች ናቸው፤ በ2000 እና በ2016 ብዙ ድምፅ አግኝቶ የተሸነፈው ደግሞ ያው ፓርቲ ነው። እዚህም ቢላዋ አለ።

አርጀንቲና ግን ተሳክቶላታል፤ የተሳካላትም ቆራሹ ድርሻውን ስላገኘ ነው። ፕሬዚዳንት ካርሎስ ሜኔም ድጋሚ ለመመረጥ ፈለጉ፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከተቃዋሚው መሪ ከራውል አልፎንሲን ጋር ተደራደሩ። በ1994 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል በመራጮች በኩል መምረጥ ቀርቶ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ተደረገ፤ የሥልጣን ዘመኑ ከ6 ወደ 4 ዓመት አጠረ፤ ድጋሚ መመረጥም ተፈቀደ። በ1995 ሜኔም አሸነፉ። ሕዝቡም እሳቸውም በሉ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ሐዋሳ ቀጥታ ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሻፌታ (ራሳችንን የቻልን ክልል እንሁን) ወይስ ጎጆ (በደቡብ ክልል ውስጥ እንቆይ) ተብሎ ተመርጦ ሻፌታ 98.5 በመቶ አገኘ። መሀል ላይ ማንም አልቆመም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 73 መሠረት የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በእኛ የምርጫ ክልል ካልተወዳደሩ በቀር ስማቸውን ድምፅ መስጫ ወረቀታችን ላይ አናየውም።

ይህም ይቀየር የሚል አይጠፋም። እኔ አልቸኩልም። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሯን በቀጥታ አስመርጣ ነበር። መራጩ አንዱን ድምፅ ለሰውየው፣ ሌላውን ለወደደው ትንሽ ፓርቲ እየሰጠ ምክር ቤቱ ተበጣጠሰና በ2001 ሕጉን ሻሩት። ደግሞስ እኛ ዘንድ ቢላዋው በማን እጅ ነው? አንቀጽ 73ን ለማሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በአብላጫ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። ያ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዛሬ የሚመርጡት እንደራሴዎች ይህን ሥልጣናቸውን በገዛ ድምፃቸው መተው አለባቸው።