የአናሳነት ውጥረት ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መሀል ላይ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። «ጠይብ ናቸው» ይባላል፣ በቃ። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ይኸው ዛሬም አለ።

አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባች እንበል። ዶርም ውስጥ ቡና ተፈልቷል። አንዷ «ቤተሰቦችሽ ምን ይሠራሉ?» ትላታለች። ጥያቄው ክፋት የለውም። ልጅቷ ግን ከመመለሷ በፊት ታሰላለች። እውነቱን ልናገር? ገበሬዎች ናቸው ልበል? ነገ የሰፈሬ ሰው መጥቶ ቢያጋልጠኝስ? ማንም አልሰደባትም። እሷ ግን ደክሟታል።

ይህን ድካም በሥነ ልቦና «ማይኖሪቲ ስትረስ» ይሉታል፤ የአናሳነት ውጥረት ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ ፈተና፣ ሕመም ሁሉንም ሰው ያስጨንቃል። የአናሳነት ውጥረት በዚህ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው። የሚመጣውም ሌላው ሰው ከሚያሳድረው ንቀት ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ግን ጠይቦችን በማጥናት አይደለም። ተመራማሪዋ ቨርጂኒያ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሌዝቢያን ሴቶች ስትጽፍ ተጠቀመችበት። ሌላው ተመራማሪ ኢላን ማየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2003 ባሳተማቸው ጽሑፎች መልክ አስያዘው። የማየር ጥያቄ ቀላል ነበር። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ድባቴና ጭንቀት ለምን ይበዛል? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ1973 አውጥቶታል። ስለዚህ «ፍቅሩ ራሱ በሽታ ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም።

ማየር ውጥረቱን ከውጭ ወደ ውስጥ ይከተለዋል። ውጭ ያለው ለሁሉም ይታያል፦ ስድብ፣ ዱላ፣ ከሥራ መባረር። ከዚያ ስድቡን መጠበቅ ይመጣል። ሰውየው ገና ምንም ሳይደርስበት ፊት ያነባል፣ ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ መደበቅ አለ። መጨረሻ ላይ ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን ራሱም ያምናል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሰዳቢው ቢሄድም ስድቡ አብሮ ያድራል።

ይህ የወረቀት ላይ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው ከለከሉ። ተመራማሪው ማርክ ሃትሰንቡለርና ባልደረቦቹ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ መረጃ አነጻጸሩ። በእነዚያ ግዛቶች በሚኖሩ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የስሜት መቃወስና ጭንቀት ጨምሮ ተገኘ። እገዳ ባላወጡት ግዛቶች ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም።

እኔ ጀማሪ ተመራማሪ ነኝ፤ ልቤ ያለው ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ላይ ነው። ውጥረቱ አንድ ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቤት ይገባል። አንዱ መታየት ይፈልጋል፣ ሌላው ይፈራል። ዘመድ ሲመጣ አልጋው ይለያያል፣ ፎቶው ከግድግዳ ይወርዳል። ማታ ጠቡ በሳህን ማጠብ ይጀምርና ሄዶ ሄዶ እዚያው ፎቶ ላይ ያርፋል። ፍቅራቸው ጎደሎ ሆኖ ግን አይደለም። የጥንዶች ተመራማሪዎቹ ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን የወንድና የሴት ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን 12 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳትሙ፣ ባልና ሚስትን ደስ የሚያሰኘውም የሚያጣላውም እነሱን ደስ ያሰኛል፣ ያጣላልም ነው ያሉት። እንዲያውም በጭቅጭቅ መሀል ቀልድና ለስላሳ ቃል ይበዛላቸው ነበር።

ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር የሚለያዩበት ትልቅ ነገር አለ። እሷ ለእረፍት ቤቷ ስትሄድ እናቷ ያንኑ ኑሮ ኖራለች። «አይዞሽ ልጄ» የሚላት አላት። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር ልጅ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደበቀው ከእናቱ ነው። ማየር መሰሎቹን ያገኘ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል ይላል። እዚህ መሰሉን መፈለጉ ራሱ አደጋ አለው።

«ታዲያ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለኝ አይጠፋም። ደብር በበዛበት፣ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ጥያቄው ይገባኛል። ይህ ሐሳብ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፦ የተናቀ ሰው ምን ይሆናል? እንቅልፉስ? ትዳሩስ?

አንድ ነገር አጥብቄ የምለው አለ። መደበቅ ይጎዳል ማለት «ውጣና ተናገር» ማለት አይደለም። አገራችን ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ወሲብ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ከቤት መባረርም አለ፣ ዱላም አለ። መደበቁ እያደከመው ሕይወቱን የሚያተርፍለት ሰው አለ። ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያለ አማካሪ እንዲህ ያለ ሰው በሩን ሲያንኳኳ፣ መጀመሪያ በሩን ይዝጋ፣ የሚሰማው ከክፍሉ እንደማይወጣ ይንገረው፣ ከዚያ «የምታምነው ሰው አለህ?» ብሎ ይጠይቀው።