የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ሕግ ኔትወርክ

ኔትወርኩ ንግድን፣ ኢንቨስትመንትን፣ ታክስንና የመንግሥት ዕዳን የሚገዙ ዓለም አቀፍ ሕጎችን የሚያጠኑ አፍሪካውያን ምሁራንን ያሰባስባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤውን በ2008 ጄኔቫ ላይ ካካሄደ በኋላ የየአህጉሩ ኔትወርኮች ተከተሉ። የአፍሪካው በ2013 ጆሃንስበርግ፣ በ2017 ደግሞ ናይሮቢ በሚገኘው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ ተሰብስቧል።

ቱኒዚያ፣ ሞሮኮ በደብተሮቿ ላይ የጣለችውን ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ (ከተገቢው ዋጋ በታች ገብቷል በሚባል የውጭ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ) በ2018 ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት እስክትል ድረስ አንድም የአፍሪካ መንግሥት በድርጅቱ ከሳሽ ሆኖ አያውቅም ነበር። መንስኤው ያከራክራል፤ የባለሙያ እጥረት ግን አንዱ እንደሆነ አያጠያይቅም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2019 ነው። ኬንያዊው ጄምስ ጋቲና ናይጄሪያዊው ኦላቢሲ አኪንኩግቤ አፍሮኖሚክስሎው የተባለውን የኅትመት መድረክ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ሜይ 30 (ግንቦት 22) የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ሥራ ላይ ስለዋለ የሚጻፍበት ጉዳይ ሞልቶ ነበር። መድረኩ በተመረጠ ርዕስ ላይ በርካታ ጸሐፊዎችን በአንድ ጊዜ ያሰልፋል፤ ወጣቱ መምህር ከአንጋፋው ጎን ይታተማል። በ2020 በአቻ የሚገመገም የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ሕግ ጆርናል ተጨመረ፤ በ2021 ደግሞ የመንግሥት ዕዳ ፍትሕ ኔትወርክ። በጉባኤዎች መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ የሞላው ይህ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ትስስሩ የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀር ነበር።

እንዲህ ያለ ኔትወርክ ለሚያቋቁም፦ የጥናት ጥሪው ከጉባኤው ቢያንስ 6 ወር ቀድሞ ይውጣ። አጽሕሮተ ጥናቱ ከተመረጠ በኋላ ለቪዛና ለትኬት 3 ወር ያስፈልጋል፤ አፍሪካዊ ወደ አፍሪካ ሲጓዝም ቪዛ ያስቀራል። ሙሉ ጽሑፉ 1 ወር ቀድሞ ካልደረሰ አስተያየት ሰጪው ሳያነብ ይገባል፤ ጽሑፉም ለጆርናል ሳይበቃ ይቀራል። የአዘጋጅነቱ ተራ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲቆም የዚያ ተቋም በጀት በተቋረጠ ዕለት ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ቀጣዩ አዘጋጅ የሚታወቀው ያለፈው ጉባኤ ሳይበተን መሆን አለበት።

ያልተፈታው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በ1993 ፖርት ሉዊስ ላይ የተፈረመው የኦሃዳ ስምምነት (የአፍሪካ አገሮችን የንግድ ሕግ የሚያጣጥም) 17 አባል አገሮች አሉት፤ አብዛኞቹ ምሁራኑ የሚጽፉት በፈረንሳይኛ ነው። ትርጉም ካልተበጀተለት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚጽፉት ሁለቱ ወገኖች ሳይነጋገሩ ይለያያሉ።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ማመልከቻዋን ያስገባችው በ2003 ነው። በ2021 አበዳሪዎች የድሃ አገሮችን ዕዳ በጋራ በሚያዩበት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቀች፤ በታኅሣሥ 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የንግድና የዕዳ ተመራማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።