የዓሣ ስም ላይ ያለችው ቅንፍ ሥራዋ ምንድን ነው?

ሐይቅ ከተማ ቆሮሶ ጥብስ በልቶ ስለ ዓሣው ማንበብ የፈለገ ሰው ይህን ያገኛል፦ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ (ሊኒየስ፣ 1758)። ቅንፏን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፋታል። ግን ሕግ አላት።

ከዓሣው ስም ቀጥሎ የሚጻፉት የሰው ስምና ዓመት ዝርያውን መጀመሪያ ማን እና መቼ እንደሰየመው ይናገራሉ። ቅንፍ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ዝርያው ያኔ የተመደበው ሌላ ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ቡድን፤ የስሙ የመጀመሪያ ቃል) ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከወረኢሉ ደሴ የገባ ሰው ስሙ ያው ነው፤ የሚቀየረው የቀበሌ መታወቂያው ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ጥልቅ ባሕር ውስጥ በሚኖሩት እሾሃም ዓሦች ላይ ነው። የጀርባቸውና የሆዳቸው ክንፍ ጠንካራ እሾህ አለው። ቴሚንክና ሽሌገል በ1850 አንዱን ትሪያካንተስ አኖማለስ አሉት። ትሪያካንተስ ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖሩ የሌላ ቤተሰብ ዓሦች ጂነስ ነው። ኋላ ብሊከር ትሪያካንቶደስ የሚባል ጂነስ አወጣ፤ ዓሣውም ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬ ትሪያካንቶደስ አኖማለስ (ቴሚንክ እና ሽሌገል፣ 1850) ተብሎ ይጻፋል።

ዝርያውን ያዛወረው ሰው ስም የለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እሱንም ይጽፉታል፤ የእንስሳቱ ደንብ ግን አያስገድድም። እኔ የዕፅዋቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

የኩባው ፖይ የሰየመው ሌላው እሾሃም ዓሣ ሆላርዲያ ሆላርዲ ፖይ፣ 1861 ይባላል። ቅንፍ የለውም፤ ጂነሱን አልለቀቀምና። ለማሳመር ብላችሁ ብትጨምሩበት ስህተት ነው።