የድሮ ፋብሪካ ቆሻሻ የተደፋበት አፈር እንዴት ይፀዳል፣ ጎጃምን ይዘን

ፋብሪካ ዝቃጩን ሲደፋበት የኖረ ቦታ ሳር ከበቀለበት በኋላ ምንም ያለበት አይመስልም፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ጥጉ ላይ ጎመን የሚተክልም አይጠፋም። አፈር ማፅዳት ሲባል ታዲያ ብዙ ሰው የሚያስበው ቆፍሮ መጫን ነው፣ ተጭኖ የት እንደሚራገፍ ግን ብዙም አይነሳም። አንዳንዴ የተሻለው ነገር መርዙን እዛው ባለበት ማሰር ነው።

ጎጃም ላይ ነገሩ የሚያሳስበው በውሃው ምክንያት ነው። ባህር ዳር ያለው ጨርቃ ጨርቅ በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሰራ ነው፣ ከተማዋ ቆዳ ፋብሪካም አላት፣ አባይ ደግሞ እዛው ጎናቸው ነው፣ ክረምቱም ቀላል አይደለም፣ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ወንዝና ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ነው፣ ከላይም ከጥልቁም፣ ምክንያቱም ምን እንዳለ ሳይታወቅ የተሰራ ስራ ጭራሽ ሊያባብስ ይችላል። ክሮም የሚባለውን ብረት እንያት፣ ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ሶስት አፈር ላይ ተጣብቆ የሚቀር፣ ብዙም የማይንቀሳቀስ ነው። ክሮም ስድስት የሚባለው ግን በውሃ ይሟሟል፣ ካንሰርም ያመጣል፣ እና የቆዳ ብናኝና ቁርጥራጭ ሲቃጠል ሶስቱ ወደ ስድስት ሊቀየር ይችላል፣ አቃጥለን ገላገልነው የሚሉ ሰዎች ይሄን ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ስድስቱን መልሶ ወደ ሶስት ለማውረድ ብረት ያለበት ኬሚካል ወይ እንደ ኮምፖስት ያለ ብስባሽ ይጨመራል።

ሌላው ኖራ ነው። የጎጃም ገበሬ ኖራን ያውቀዋል፣ ባንጃና ቡሬ አካባቢ ቀዩ አፈር አሲድ ሆኖ ምርት ሲነሳ የሚበተነው እሱ ነው። አሲድ ሲቀንስ እርሳስ፣ ካድሚየምና ዚንክ የሚባሉት ብረቶች ይታሰራሉ፣ ውሃ ይዟቸው አይሄድም፣ ሰብልም ብዙ አይስባቸውም። ግን አርሰኒክ በሚባለው መርዝና ክሮም ስድስት ላይ ተቃራኒ ነው የሚሆነው፣ ኖራው ይፈታቸዋል! ናሙናው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዘይትና ናፍጣ የጠጣ አፈር ከሁሉም ይቀላል፣ ባክቴሪያ ይበላዋል። አፈሩን ስስ አድርጎ ዘርግቶ፣ ፍግና ማዳበሪያ ጨምሮ፣ እርጥበቱን እየጠበቁ በየጊዜው ማገላበጥ ነው፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ይሰራል። የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ግን ፒሲቢ የሚባለው በቀላሉ የማይበሰብስ መርዛማ ኬሚካል ካለበት በዚህ መንገድ አይሞከርም። እንደ ዲዲቲ ያለ አሮጌ ፀረ ተባይም እንደዛው፣ ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ሰብስባ ፊንላንድ ልካ ነው ያስቃጠለችው፣ የተቀመጠበት መጋዘን ስር ያለው አፈር ግን ሌላ ስራ ነው።

መሸፈንም አለ። አሜሪካ ላቭ ካናል ላይ እ.ኤ.አ በ1978 ነዋሪው ከቤቱ እንዲወጣ ያስደረገው ወደ 20 ሺህ ቶን የሚሆን ኬሚካል ዛሬም አብዛኛው እዛው ነው ያለው፣ በሸክላ አፈርና በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የሚያንጠባጥበው ውሃ እየተቀዳ እየታከመ። እኛ ጋ መረሬ ሸክላ ስለሆነ ለዚህ የሚመች ይመስላል፣ ግን በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ብቻውን አይሆንም። ዳገት ከሆነ ቬቲቨር ሳር ይተከልበታል፣ ስሩ እስከ 3 ሜትር ስለሚወርድ አፈሩን ይይዛል፣ እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶችንም ይቋቋማል፣ ከብት እንዳይግጠው ግን መታጠር አለበት።

ወጪውን በተመለከተ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ያፅዳ ወይ የማፅጃውን ይክፈል ይላል፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወይ ባለቤቱ ከተቀየረ ግን ማንን እንደምትይዝ ራሱ ክርክር ነው። ስራው አለቀ ከተባለ በኋላም ከቦታው ዝቅ ብሎ ያለው የጉድጓድ ውሃ በተለይ ከክረምት ማግስት እየተቀዳ ለዓመታት ይመረመራል።