ፎቶዲሶሲዬሽን ምንድን ነው? ጉልበቱ ስለበቃ ብቻ ሞለኪውል አይሰነጠቅም

«የሃይድሮጅን ሞለኪውልን ለመሰንጠቅ 4.48 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል፤ ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ ከ277 ናኖሜትር ያነሰ ብርሃን ሁሉ ይሰነጥቀዋል።» ይህችን ስሌት ሰሞኑን እየደጋገምኩ አየኋት። አንዱ አስተያየት ሰጪ ጭራሽ «ቀላል ሂሳብ ነው» ብሎ ዘጋው። ወንድሜ፣ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ስለሚበልጥ ጉልበቱን ወደ ሞገድ ርዝመት መቀየሩ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ግን አይደለም።

ፎቶዲሶሲዬሽን ማለት ሞለኪውል በብርሃን ሲሰነጠቅ ነው፤ እንዲሰነጠቅ ደግሞ መጀመሪያ ብርሃኑን መምጠጥ አለበት። ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አንድ ሰው ዘጌ የሚያደርስ ሂሳብ ይዞ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆሟል እንበል። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ከሌለ ብሩ ምን ይሠራለታል? ሃይድሮጅንም 277 ናኖሜትር ላይ የሚሳፈርበት ጀልባ የለውም፤ ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጀልባ የሚያገኘው ከ111 ናኖሜትር ገደማ በታች ነው፣ ያውም በተወሰኑ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ብቻ፣ እሱም ዘጌን አልፎ ጎርጎራ ይወስደዋል። ከዚያ ብርሃን ተፍቶ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ቤቱ ይገባል፤ ከ100 ጊዜ ከ10 እስከ 15 ያህሉን ግን ሲመለስ ዘጌ ላይ ይወርዳል፣ ማለትም ለሁለት ይሰነጠቃል።

ሰልፉንም አንርሳ። በከዋክብት መካከል ባለ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ፣ ከፊት ያሉት ሞለኪውሎች ጀልባዎቹን ሁሉ ስለሚሞሏቸው ከኋላ ላሉት አይተርፍም። በጥቅጥቅ ደመና ውስጥ ሃይድሮጅን ሳይሰነጠቅ የሚቆየው በአቧራው ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ነው።

ስሌቱ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን የብርሃን መጠን፣ ሞለኪውሉ ያንን ብርሃን በሚመጥጥበት አቅም፣ ከመጠጠ በኋላ በሚሰነጠቅበት ዕድል አባዝቶ መደመር። በከዋክብት መካከል ድምሩ 91.2 ናኖሜትር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ያጠረውን ነጠላ የሃይድሮጅን አቶም ይውጠዋል።

«ሁለት ደካማ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ተደምረውስ?» ለሚል፣ የጠፈር ብርሃን በጣም የሳሳ ነው። ሁለተኛው እስኪደርስ የመጀመሪያው ጉልበት ተፍቶ አልቋል።

ውሃ ደግሞ ሌላ ነው። ከ190 ናኖሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ታች ብርሃንን በሰፊው ይመጥጣል፣ ከመጠጠ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጅራታም ኮከብ የወጣ የውሃ ሞለኪውል፣ ምድር ከፀሐይ ባላት ርቀት ላይ ሲሆን፣ በአማካይ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ይህ ቁጥር የውሃው ብቻ አይደለም፣ የፀሐይም ነው። ያንኑ ሞለኪውል አቧራማ ደመና ውስጥ ብታስገቡት ዕድሜው በእጅጉ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ሰው የስንጠቃ ፍጥነት ሲጠቅስላችሁ በየትኛው ብርሃን ሥር፣ ከደመናው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተሰላ ጠይቁት።