«ንቁ» እሳተ ገሞራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር አጥር የሚታጠርበት፣ መንገድ የሚነጠፍበት ጥቁር ድንጋይ ቀዝቅዞ የጠጠረ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ገደልም ያው ነው። ጣናን በደቡብ በኩል እንደ ግድብ የያዘውም ይኸው ዓለት ነው። ታዲያ ከሥራችን ሊፈነዳ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው።

ግራ የሚያጋባው «ንቁ» የሚለው ስያሜ ነው። አሁን የሚጨስ ማለት አይደለም። በተለምዶ ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ የፈነዳ ሁሉ ንቁ ይባላል። «የተኛ» የሚባለው ለጊዜው ጸጥ ያለው ነው፤ ሊነቃ ይችላል። «የጠፋ» የሚባለው ግን ከሥሩ የሚመጣው ቅላጭ ዓለት የተቋረጠበት ነው። አፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ የሚታወቅ የፍንዳታ ታሪክ አልነበረውም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ፈነዳ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ደረሰ። ዝምታ ዋስትና አይደለም።

የሚያፈነዳው በዋናነት ጋዝ ነው። ቅላጩ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንሳል፤ የተናጠ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ ይገነፍላል። ቅላጩ ቀጭን ከሆነ ጋዙ በቀላሉ ያመልጣል፣ እሱም ይፈስሳል። የጣናው ዓይነት ይህ ነው። ወፍራም ከሆነ ጋዙን አፍኖ ይይዝና ይፈነዳል።

አመዱን እንደ ምድጃ አመድ አትዩት። የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ሳንባ ይጎዳል፣ ግጦሽና ውኃ ይበክላል፣ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ቀልጦ ይጣበቃል።

ጣና ዙሪያ በጽሑፍ ታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ የለም። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ግን የዚያ ዓለት ፍርፋሪ ነው።